አባቴ ከነብረቱ

ወደ መቃብሩ ለመግባት መጀመሪያ የሚወልቀው ቀበቶ ነው። ከዚያ ቁልፍ፣ ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ የፀጉር ማስያዣ። ጫማ ውስጥ ብረት ካለ ጫማውም ደጅ ይቀራል፤ ለዚህ ተብሎ በሩ ላይ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ተከምሯል። ፈልጎ ጥንዱን ያገኘ ሰው እስካሁን አላየሁም። ዘበኛው መፈተሻውን ከአናት እስከ ቁርጭምጭሚት ያስኬድና «ይለፉ» ይላል። ካላለ መመለስ ነው። ቄሱም ዲያቆኑም ይፈተሻሉ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሙታን የሚጎበኙት በዚህ ዓይነት ነው፤ የዛሬ ልጆች መቃብር ማለት ሱሪን በእጅ ደግፈው የሚገቡበት ግቢ ይመስላቸዋል።

ይህ ሁሉ ከመቃብሩ ሥር በተቀበረው ቀለበት ምክንያት ነው። ቀለበቱ በናይትሮጅን የቀዘቀዘ የሱፐርኮንዳክተር ሽቦ ነው። የነፋስ ተርባይኖቹ ከሚያስፈልገን በላይ ሲያመነጩ ትርፉ እዚያ ገብቶ ይዞራል፤ ሲያንሰን ተመልሶ ይወጣል። እየዞረ ሳለ ታዲያ ከላዩ ያለውን መሬት በሙሉ ማግኔት ያደርገዋል። የመጀመሪያው ሰሞን አንድ ቆፋሪ ዶማ ይዞ ገብቶ ዶማው ከእጁ ተነጥቆ መሬት ላይ ተጣብቆ ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው አጥሩ የመጣው፣ መቃብርም በነሐስ ዶማ መቆፈር የጀመረው።

የቅዝቃዜ ባለሥልጣን ቀለበቱን ሊቀብር ሲመጣ ሁለት ምክንያት ሰጥቶን ነበር። አንደኛው ደብረ ብርሃን ብርዳማ ናት የሚል ነው። ሽቦው የሚፈልገው ብርድ የእኛን የኅዳር ውርጭ እንደ ፍም የሚያይ ብርድ መሆኑን ያኔም የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ውሳኔው ከላይ ስለወረደ ዝም አለ። ሁለተኛው መቃብር ሥር ቢሆን ማንንም አይረብሽም የሚል ነው። «ሙታን ስልክ አይዙም» ብለው በስብሰባ ላይ አሳቁን። እኛ ስንስቅ እነሱ ቃለ ጉባኤውን ዘጉ። መብራት መጥፋቱ ቀርቷል፣ አልክድም። የቀረው ግን እሱ ብቻ አይደለም።

አባቴ ጋሽ ድንበሩ ወጣት ሳለ ጋራዥ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የጭነት መኪና ባሌስትራ ሲያጎብጥ ተሰበረበትና አውራ ጣት የምታህል ስባሪ ዳሌው ውስጥ ገብታ ቀረች። ሐኪሞቹ ስናወጣት እግርህ ሽባ ሊሆን ይችላል ስላሉት ከነብረቱ ኖረ። እናቴ ዘነቡ የሞተችው ቀለበቱ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ ነው። ቀለበቱ ከመጣ በኋላ አባቴ ወደ መቃብሯ መግባት አልቻለም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ አጥሩን ይዞ ይቆማል። ከዚያ ሆኖ ድንጋይዋ አይታይም፤ መሀል ላይ አንድ ትልቅ ጽድ አለ። «ምን ታያለህ?» ስለው «ጽዱን» ይለኛል። እኔ በንዴት ስቃጠል እሱ አይናደድም ነበር። ከእኔ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲሞት ከጎኗ እንዲተኛ።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ሞተ። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ጋሽ ወንድይፍራው ሰፈሩን ዞሮ ለፈፈ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተባለ። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ቅዝቃዜ ባለሥልጣን ሄድኩ። ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ስል በሩ ሳይከፈት ደረስኩ፤ በሩም ከተከፈተ በኋላ ብዙ ቆምኩ።

ያገኘሁት ኃላፊ አቶ ዮናታን ይባላል። የለበሰው ሱፍ አዲስ ነው፤ ፊቱም አዲስ ነው።

«ቀለበቱ ለቀብር እንዲራገፍ ማመልከት ይቻላል» አለኝ፣ የአባቴን ብረት ነገር ከሰማ በኋላ። «መብትዎ ነው። ሃያ አንድ ቀን አስቀድሞ መቅረብ ብቻ ነው ያለበት።»

«ከምኑ አስቀድሞ?»

«ከቀብሩ።»

«ወንድሜ፣ አባቴ የሞተው ዛሬ ነው።»

«ገብቶኛል። ዛሬ ካመለከቱ ታዲያ ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ይቀብሯቸዋል።»

«እስከዚያ ሬሳውን የት ላድርገው?»

ይህን ስለው ፊቱ በራ። ከገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

«እሱ ምንም ችግር የለውም! ቅዝቃዜ እኛ ጋ ሞልቷል። ለቀለበቱ ከሚመጣው ናይትሮጅን ትንሽ ቀንሰን ማቆያ ከፍተናል። አምና ነው የጀመርነው፤ ኅብረተሰቡ በጣም ወዶታል።»

«አባቴን እንደ ሥጋ ላስበርደው?»

«እንደዚያ አይባልም። ማቆያ ነው የሚባለው።»

ወንበር ስላልሰጠኝ ጠረጴዛውን ተደግፌ ቆምኩ። እሱ ሌላም አማራጭ ነበረው። ብረቱን ሆስፒታል ወስዶ ማስወጣት ይቻላል፤ አሁን እንግዲህ ስለ እግሩ የሚያሰጋ ነገር የለም አለኝ። አረፍተ ነገሩን እንዳይጨርሰው እጄን አነሳሁ። ሦስተኛው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው አዲሱ መቃብር ነው። «በጣም ዘመናዊ ነው» አለ። «ቀበቶ እንኳን አያስወልቅም።»

ብርድ ልብስ ነጋዴ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስከራከር ነው የምውለው። ያን ቀን ግን ልሰድበው ፈልጌ የሚበቃ ስድብ አጣሁ። እየተንጨረጨርኩ ወጣሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው የቀለበቱ መቆጣጠሪያ ውስጥ የምትሠራው ኢንጂነር ኖላዊት ደንበኛዬ ናት። የምትውልበት ክፍል ሲበዛ ስለሚበርድ በየዓመቱ ወፍራም ብርድ ልብስ ትገዛኛለች። ስገባ አንዱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ነበር። ተነሥታ አቅፋ አጽናናችኝ።

«ኖላዬ፣ አንቺ ማጥፋት አትችይም?» አልኳት። «ለአንድ ሰዓት ብቻ።»

«እትዬ ትርንጎ፣ ይኼ እኮ ማጥፊያ የለውም። ተራ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲሄድ ይታሻል፤ ሽቦው ይሞቃል፤ እየሞቀ ያልቃል። እዚህ ውስጥ የሚያሸው ነገር የለም። አንዴ ገብቷል፣ ይዞራል። ሁላችንም በሩን ቆልፈን ብንሄድ፣ ብርዱ እስካለ ድረስ ሲዞር ይኖራል። ሰው ካልተጠቀመበት በቀር አይጎድልም።»

«ማራገፍ የሚሉት ምንድን ነው ታዲያ?»

«ወደ ሌላ ከተማ መላክ ነው። ለዚያ ነው ደብዳቤው፣ ለዚያ ነው ሃያ አንድ ቀኑ።»

ነጠላዬን ሰብሰብ አደረግኩ።

«እዚሁ ሰፈር ብንጠቀምበትስ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት በሩን አየች። «ሰፈሩ ከተርባይኖቹ ከሚመጣው በላይ ሲወስድ የጎደለውን ቀለበቱ ራሱ ይሰጣል። የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ምድጃ ልለኩስ ብሎ ያመለከተ ሰው ደግሞ እስካሁን አላየሁም።»

«ስንት ምድጃ ይበቃል?»

«ለዘጠኝ ሰዓት ከሆነ ሁሉም። አሁኑኑ። ኤሌክትሪኩ ሲጎድል ማግኔቱም አብሮ ይደክማል።»

«ከተቀበረ በኋላ ተመልሶ ሲሞላስ? ብረቱን ይጎትተዋል?»

«አፈርና ድንጋይ ከተጫነው የትም አይሄድም። የሚያሰጋው በሰው እጅ ያለ ብረት ነው።» ከዚያ ግድግዳው ላይ ባለው ማሳያ የሚታየውን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። «ግን ይኼን ይዩ። ከጠዋት ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የሥራ ቀን ነው፤ ምን ነካቸው? እንዲህ ጢም ብሎ ሞልቶ አላየሁም።»

ምን እንደነካቸው እኔ አውቅ ነበር። እኛ ሰፈር ጡሩንባ ሲነፋ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ ወፍጮ ቤቱ ይቆማል፤ የወጣለት ወጥ የጣደች ሴት እንኳን ድስቷን አውርዳ ነጠላዋን ትለብሳለች። ሰዉ በሙሉ ለአባቴ ክብር ሲል ቤቱን አጨልሞ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ባከበሩት መጠን ቀለበቱ ይሞላል፤ ቀለበቱ በሞላ መጠን መቃብሩ ይዘጋበታል። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ነገሩን ተናገርኩ። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» ስትል ሰማሁ።

የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ ደብሪቱ ናቸው። እሳቸው እንኳን ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ልጄ፣ ለቅሶ ላይ ቴሌቪዥን ክፈቱ ነው የምትዪን?»

«ቴሌቪዥኑንም፣ ምድጃውንም፣ ካውያውንም። ያለውን ሁሉ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የሚለው ሰው እዚሁ ተቀምጧል እኮ፣ እትዬ ደብሪቱ! ከእናንተ ሌላ ማን አለ?»

ከዚያ ጥያቄው መጣ። አንዱ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ይቆጠር እንደሆነ ጠየቀ። አንዱ ምድጃ ባዶውን ሲግል ይበላሻል፣ ቢበላሽ ተጠያቂው ማነው አለ። አንዱ ኮሚቴ ቢቋቋም የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡም ደጋፊ አገኘ። ፀሐዩ አናት ላይ ሊደርስ ነው፤ አባቴ በሳጥን ተኝቷል፤ የሰፈሬ ሰዎች ኮሚቴ ይመርጣሉ። መሬቱን በእግሬ መታሁት። «አሥራ አንድ ዓመት አጥር ይዞ ሲቆም እያያችሁት አልፋችኋል! ዛሬ እንኳን አስገቡልኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

እትዬ ደብሪቱ ቀስ ብለው ተነሡ። ሴትዮዋ የእድሩን ደንብ እንደ ዳዊት በቃላቸው የያዙ ናቸው።

«ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁ።

«ቀሪ» አለ ድንኳኑ።

«እንግዲያው ከአሁን ጀምሮ ምድጃው ያልበራ ቤት ቀሪ ነው። እየዞርኩ አያለሁ።»

ድንኳኑ ባንዴ ባዶ ሆነ። እኔ ለምኜ ያላገኘሁትን አንዲት የደንብ ቃል አስገኘችው። ጋሽ ወንድይፍራው ጡሩንባውን ይዞ ወጣ፤ ከታች መንገድ ድምፁ ተሰማ፦ «የጋሽ ድንበሩ ወዳጆች! ምድጃችሁን ለኩሱ! ያላችሁን ሁሉ ክፈቱ! የዘጋ ቀርቷል!»

እኩለ ቀን ላይ ሰፈሩ ሌላ አገር መሰለ። በጠራራ ፀሐይ የግቢ መብራት ሁሉ በርቷል። ልብስ ማጠቢያው ያለ ልብስ፣ ወፍጮው ያለ እህል ይሽከረከራል። ሬዲዮ የከፈቱት ሰዎች ለሐዘን ይመጥናል ያሉትን ፈልገው አላገኙም፤ ስለዚህ ከየቤቱ የሠርግ ዘፈን ይወጣል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ሞቆት መስኮት ሲከፍት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ምድጃቸውን ለኩሰው የተመለሱ ሴቶች ከዘፈኑ በላይ እየጮኹ ያለቅሳሉ። እኔም መሀላቸው ገብቼ አለቀስኩ፤ ሙዚቃው ግን ሳላስበው አንገቴን ያወዛውዘኝ ነበር፤ በራሴ አፈርኩ።

አቶ ዮናታን ደወለ።

«ሰፈራችሁ ውስጥ ያልተለመደ አጠቃቀም ታይቷል» አለኝ።

«ለቅሶ ነው።»

«ለቅሶ ይህን ያህል ኤሌክትሪክ ይወስዳል?»

«ወዳጁ ብዙ ነው።»

«እትዬ፣ ይኼ እኮ…»

«የትኛው አንቀጽ ነው ምድጃ የሚከለክለው? ንገረኝና አጠፋዋለሁ።»

ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማኝ። እያገላበጠ ዘጋሁበት።

ኖላዊትም ደወለች፤ እሷ ግን ፈርታ ነበር። «ፈጠነ» አለች። «ባንዴ ብዙ ሲወጣ ሽቦው ትንሽ ይሞቃል። ከልኩ በላይ ከሞቀ ደግሞ የቀረው ሁሉ ባንድ ጊዜ እሳት ይሆናል፤ ናይትሮጅኑም ፈልቶ ያልቃል። ወፍጮውን አስቁሙልኝ። ምድጃው ይበቃል።» ወፍጮው ቆመ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ቧንቧ ነጭ ጉም ትንሽ ጊዜ ሲወጣ አየንና ተማጸንን። ጉሙ እየሳሳ ጠፋ።

ዘጠኝ ሰዓት ከማለፉ በፊት ሳጥኑ በሩ ላይ ደረሰ። ኖላዊት ክር ላይ ያንጠለጠለችውን ምስማር ይዛ እየጠበቀችን ነበር። በሌላ ቀን እዚያ ቦታ ላይ ምስማር ወደ ግቢው ተወጥሮ ይንጋደዳል። አሁን ክሩን ለቀቅ ስታደርገው ምስማሩ እንደማንኛውም ምስማር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ተንጠለጠለ።

«ግቡ» አለች። «ቶሎ በሉ። ወደ ማታ ነፋሱ ይነሣል፤ ምድጃውም ሲጠፋ ቶሎ ነው የሚሞላው።»

ዘበኛው ከልማድ መፈተሻውን ሳጥኑ ላይ አስኬደ። ዳሌው ጋ ሲደርስ ጮኸ። ሰውዬው መፈተሻውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ አጠፋውና ኪሱ ከተተው። አባቴ ገባ። ጽዱን አልፎ፣ ዞሮ፣ የእናቴ ድንጋይ ጎን ደረሰ። ከአጥሩ እስከዚያ ያለው መንገድ ለካ እንዲህ አጭር ነው።

ፍትሐቱ ተጀመረ። ቀና ብዬ ሕዝቡን ለማየት ዞር ስል ከኋላዬ ሰው የለም። ቄሶቹ አሉ፣ ሳጥኑን የተሸከሙት አሉ፣ እትዬ ደብሪቱ አሉ። ያ ሁሉ ተከትሎን የመጣ ሰው ግቢው ውስጥ ተበትኗል። ደሜ ፈላ። አፈር ሳይመለስ፣ አባቴ እንኳን ሳይወርድ!

«ቀብር ጥለው የት ነው የሚሄዱት?» አልኩ። «እነዚህ ናቸው ቀሪ የሚባሉት!»

እትዬ ደብሪቱ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ማን ማን እንደሆኑ አስተውዪ እስቲ» አሉኝ።

አስተዋልኩ። ልቧ ላይ መሣሪያ የተገጠመላት የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አንድ ትንሽ መቃብር ላይ ተደፍታለች፤ ልጅ እንደቀበረች አላውቅም ነበር። ጉልበታቸው በብረት የተሠራ ሁለት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተደጋግፈው ስም ያነባሉ። አጥንቱ በብሎን የተያያዘ ሾፌር ሣር ይነቅላል። በየቀብሩ ፊት ፊት ሄዶ በሩ ላይ የሚቆመው ጋሽ ወንድይፍራው፣ ሥራው በሩ ድረስ ብቻ ስለሆነ ይመስለኝ የነበረው ጋሽ ወንድይፍራው፣ ከጽዱ ባሻገር ካለ የሚስቱ ድንጋይ ፊት ተንበርክኮ ጡሩንባውን ደረቱ ላይ አቅፏል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ብዙ የሚነግራት ነገር ነበረው።

አባቴ ወረደ። አፈሩ ተመለሰ፣ ድንጋዩ ተደረደረ፣ ቄሶቹ መስቀላቸውን አሳልመው ሄዱ። ነፋሱ መነሣት ጀመረ። ከሰፈሩ የሠርግ ዘፈኑ አሁንም ይሰማል።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ኖላዊት ናት።

«እትዬ ትርንጎ፣ ተቀበሩ? ሰዉ ምድጃውን ያጥፋ?»

ጋሽ ወንድይፍራውን አየሁት። መቃብሩ ላይ የበቀለውን የድንጋይ ሽበት በጥፍሩ እየፋቀ ነው፤ ገና ግማሹን አልጨረሰም።

«አይጥፋ» አልኳት። «ገና አልቀበርንም።»